የሩዙ ዝገት

ያሰሩኝ ወረታ ውስጥ ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን በነበረ ክፍል ነው። ስገባ ሽታው ዓይኔን አቃጠለው። የታሰርኩትም በማዳበሪያ ሰበብ ነበርና ሳቄ መጣ።

በዚያ ክረምት የሩዛችን ቅጠል እንደ አሮጌ ቆርቆሮ ዛገ። ማዳበሪያ ብንጨምርበት ባሰበት። የቀበሌው ስብሰባ ላይ ተነሥቼ «የሰጣችሁን መርዝ ነው፤ ማንም እንዳይወስድ» አልኩ። በማግስቱ ከነጭቃዬ ከማሳ ወሰዱኝ።

ክፍሉ ውስጥ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ አፈር ሲመረምሩ የኖሩ። ነገሬን ሰምተው፣

«ውሃው ማሳው ላይ ለምን ያህል ጊዜ ተኛ?» አሉኝ።

«ክረምቱን ሙሉ። ሩዝ አይደል እንዴ፣ ጋሼ?»

እግሬ ላይ የደረቀውን የዋልካ ጭቃ ፈርፍረው መዳፋቸው ላይ ያዙት። «እዚህ ውስጥ ዚንክ የሚባል ነገር አለ። ሩዝ ጥቂት ይበቃዋል፤ ካጣው ግን ይዝጋል። ውሃ ሲተኛበት አፈሩ አጥብቆ ይይዘዋል፣ ሥሩ አያገኘውም። ዳፕ የምትሉትን ማዳበሪያ ስትደራርቡበት ደግሞ ይብሳል። መርዝ አይደለም። ውሃውን አጠንፍፉና መሬቱ ይናፈስ፤ ገና አልረፈደም።»

«ታዲያ በከንቱ ነው የታሰርኩት?»

«ምክንያቱን ስተሃል። ሩዙ መታመሙ ግን እውነት ነው።»

ተናደድኩ። ሦስት ቀን አኮረፍኳቸው። ሚስቴ ስንቅ ይዛ ስትመጣም ያሉትን አልነገርኳት።

በአራተኛው ቀን መርማሪው ጠራኝ። ወረቀትና ቀለም አቀረበ።

«ሩዙ ጤነኛ ነው፣ ዋሽቼ ሕዝብ አነሣሥቻለሁ ይላል። አውራ ጣትህን አሳርፍና ቤትህ ግባ።»

እጄን ወደ ኋላ አደረግኩ። «መርዝ ነው ያልኩት ስህተት ነው፤ እሱን ጻፉ፣ እፈርማለሁ። ሩዙ ግን ታሟል።»

«እንግዲያው እዚሁ ትከርማለህ።»

የዚያን ዕለት ሚስቴን በር ላይ አገኘኋትና ጣቴን እንዳላሳረፍኩ ነገርኳት። «ክትሩን ቅደጂና ውሃውን ልቀቂው። ማዳበሪያ አትጨምሪ። ለጎረቤትም ንገሪ፤ ተሳስቶ ነበር በያቸው።»

«ጣትህ ከልጆችህ እህል በለጠብህ?» አለችኝ። ሄዳ ግን ውሃውን ለቀቀችው።

ከአጨዳ በኋላ ሳይከሱኝ ፈቱኝ። ላይኛው ማሳ ድኗል፤ ለታችኛው ግን ረፍዶ ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ ወዲህ፣ በጎልማሳነቴ ነው። ዛሬ አንዳንዱ የማዳበሪያ ጆንያ ላይ «ዚንክ» የሚል ሳነብ ይገርመኛል። ይቅርታ የጠየቀን የለም። እኔም አዛውንቱን ይቅርታ አላልኳቸው፤ ከምርመራው ስመለስ ወደ ሌላ ቦታ ወስደዋቸው ነበር። በየክረምቱ ክትሩን ስቀድ የሚቆጨኝ እስሩ አይደለም። ያኮረፍኩባቸው ሦስት ቀን ነው።