የኅዳር ሚካኤል ተረኛ

ደላላው ደብሪቱን «ሁለት ፈረንጅ ተከራይ አምጥቼልሻለሁ» ብሏት ነበር። ከባጃጁ የወረዱት ግን አንድ ፈረንጅና አንድ ከደብሪቱም ከደላላውም የጠቆረ ረጅም ጎረምሳ ናቸው። ሁለቱም ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ክራባት አስረው፣ ደረታቸው ላይ ስም የተጻፈባት ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ለጥፈዋል። ደብሪቱ የባንክ ሠራተኞች መሰሏት ደስ አላት። የባንክ ሠራተኛ ጸጥ ያለ ተከራይ ነው።

ነገሩ የገባት በማግስቱ ነው። ልጆቹ ሞርሞን የሚባል የአሜሪካ ቤተ ክርስቲያን የላካቸው ሚስዮናውያን ኖረዋል። ይጁቤ አካባቢ ለገበሬው የውኃ ጉድጓድ ሲቆፈር በጉልበት ሊያግዙ፣ ማታ ማታ ደግሞ ለደብረ ማርቆስ ወጣቶች እንግሊዝኛ ሊያስተምሩ ነው የመጡት። ያረፉበት ቤት ደግሞ በሩ ላይ ጣሳ የተሰቀለበት፣ አገር ያወቀው የደብሪቱ ጠላ ቤት ነው። እነሱ ጠላ አይጠጡም፤ ቡናም ሻይም አይቀምሱም። ደላላው ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር፤ አፉን ዘግቶ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ሄደ።

ደብሪቱ ነገር ማዳፈን አትወድም። ሁለቱንም ግቢ ውስጥ ዱካ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ስሙኝ ልጆቼ፤ በእኔ ግቢ ሃይማኖት አይሰበክም። እኔም ጠላ ጠጡልኝ ብዬ አላስቸግራችሁም።»

ጥቁሩ ልጅ ኦኬሎ ይባላል፤ የኡጋንዳ ሰው ነው። አዲስ አበባ ሰንብቶ አማርኛ ስለለቀመ ለጓደኛው አስተረጎመለት። ፈረንጁ ጥቂት አሰበና እጁን ዘረጋ። ውሉ በዚሁ ጸና፤ እስከ መጨረሻውም ማንም አላፈረሰውም። የፈረንጁ ስም ግን ለምላሷ አልገዛ ስላለ ድረስ ብላ አወጣችለት፤ በሳምንቱ መንደሩ ሁሉ ድረስ አለው።

አኗኗራቸው ለደብሪቱ የዕለት ተዕለት ትርኢት ሆነላት። ገና ሳይነጋ ይነሳሉ። አልጋቸው ሥር ተንበርክከው ይጸልያሉ፤ ከዚያ ድረስ መሬት ላይ ተደፍቶ በእጁ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። መጀመሪያ ቀን ያየች ጊዜ የሚጥል በሽታ መስሏት ክብሪት ልትጭርለት ሮጣ ነበር። ቁርሳቸውን በልተው በጭነት መኪና ይሄዱና እስከ ጆሯቸው ጭቃ ለብሰው ይመለሳሉ። ሰኞ የዕረፍት ቀናቸው ነው፤ ሸሚዛቸውን ራሳቸው በሳፋ ያጥባሉ። ወንድ ልጅ አንገትጌ ሲያሽ ለማየት የጎረቤት ሴቶች እሳት ልንጭር መጣን እያሉ ይሰበሰባሉ። ደግሞ አይለያዩም፤ ደንባቸው ነው። አንዱ ሽንት ቤት ሲገባ ሌላው ጓሮ ቆሞ ያፏጫል። ደብሪቱ «ጥማዶቼ» ትላቸው ጀመር።

አንድ ነገር ብቻ አንገበገባት። ልጆቹ እናታቸው ጋ የሚደውሉት በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። «ምን ዓይነት አንጀት ያለው ሰው ነው ይህን ደንብ ያወጣው?» ብላ ተቆጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናትነቱን ራሷ ያዘችው፤ ከእናትነት ደግሞ ሥርዓት ማስተማር ይቀድማል። ድረስን አማርኛውንም ሥርዓቱንም በጭልፋ ነው ያለማመደችው። «ትልቅ ሰው እጁን ዘርግቶ አንድ ነገር ሲሰጥህ አታስጠብቅ። ብድግ በል፤ በሁለት እጅህ ተቀበል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በል።» ጭልፋውን ትዘረጋለች፤ እሱ ብድግ ብሎ ይቀበላል። ኦኬሎ በሳቅ ይፈርሳል።

ደብሪቱ እንዲህ ስትጫወት ሆዷ ውስጥ ግን ሐሳብ ነበረባት። የቅዱስ ሚካኤልን ማኅበር የመሠረቱት አማቷ ናቸው፤ ከእሳቸው በኋላ ባሏ ታዲዮስ እስኪሞት ድረስ አንድም ወር ሳያጓድል አቆይቶታል። አሁን ማኅበሩ ሳስቷል። ገሚሱ ሞተ፤ የገሚሱ ልጆች አዲስ አበባ ቀሩ፤ ጤፍ ተወደደ። በየወሩ ተረኛው ደግሶ ሲያበቃ ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። የጥቅምቱ ደብሪቱ ቤት ነው። ከዚያ የሚመጣው ደግሞ ኅዳር ሚካኤል፣ የዓመቱ ትልቁ ድግስ፤ ማኅበርተኛው ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱም ነዳያኑም የሚበሉበት ነው። የሚቀበል ከጠፋ ጽዋው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመለሳል፤ ማኅበሩም ያከትማል። ደብሪቱ ይህን ስታስብ ታዲዮስን ሁለተኛ የምትቀብረው ይመስላትና እንባዋ ይመጣል።

የጥቅምት ሚካኤል ዕለት ቤቷ ሞላ። ልጆቹ ጓዳ ገብተው ብርጭቆ ሲያጥቡ ዋሉ። የማኅበሩ አባት ቄስ አካለ ወልድ መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር። ደብሪቱ «ጸሎት ላይ አይቀመጡም እንጂ ውኃ ቢቀዱ ምን አለበት፣ አባ?» ብላ አለዘበቻቸው። ዳቦው ተቆረሰ፤ ጠላው ተጠጣ፤ ጨዋታው ደራ። በመጨረሻ ቄስ አካለ ወልድ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለችውን ጽዋ በሁለት እጃቸው ይዘው ተነሱ።

«የኅዳርን ማን ይቀበላል?»

የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢው ማለት ነው፣ መናኸሪያው አጠገብ ፎቅ ያለው አያ አንሙት ነው፤ አንጋጦ ጣሪያውን ይመረምር ጀመር። የእህል ነጋዴው እንዳላማው ጫማውን ፈትቶ እንደገና ያስር ገባ። ሌሎቹም የሚያዩት አላጡም።

«እኔው ራሴ…» አለች ደብሪቱ።

«አንድ ሰው ሁለት ወር አከታትሎ አይቀበልም። ደንብ ነው!» አለ አያ አንሙት። ለዚህ ለዚህ ፈጣን ነው።

ቄስ አካለ ወልድ እርጅና ተጫጭኗቸዋል። የተዘረጉት ክንዶቻቸው መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ ጠላው ከጨርቁ ሥር ይዋዥቃል። ይህን ጊዜ ድረስ ማስታጠቢያውን ይዞ ከጓዳ ብቅ አለ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል፤ ቤት ሙሉ ሰው ያስጠብቃቸዋል። ልጁ ደነገጠ። ወደ ደብሪቱ አየ፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች። ማስታጠቢያውን አስቀመጠና ጎንበስ ብሎ ጽዋውን በሁለት እጁ ተቀበለ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አባቴ» አለ፤ ጥርት ባለ አማርኛ።

ተረኛ ጽዋ ሲቀበል የሚያደርገውና የሚለው ልክ ይኸው ነው። በሩ ሥር እማሆይ ወለተ ሰንበት ተቀምጠው ነበር፤ ጆሯቸው ከብዷል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ነጭ የለበሰ ሰው ጽዋ ሲቀበል ታያቸውና «እልልልል!» አሉ። ግቢ ያሉት ሴቶች ይህችን ሲጠብቁ ነበርና አቀለጡት። እልል ተባለ ማለት ደግሞ አለቀ ማለት ነው።

«ኧረ ተው! ይመልስ! ይህ ልጅ ምናችን ነው?» ብሎ አያ አንሙት ብድግ አለ።

ድረስ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ያጠፋው ነገር እንዳለ ገብቶታል፤ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። ጠላው እንዳይፈስበት ብቻ ጽዋውን ደረቱ ላይ ለጥፎ ቆመ። ደብሪቱ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ያስተማረችው እሷ ናት።

ቄስ አካለ ወልድ ቁጭ አሉና ክንዳቸውን እያሹ፣ «አንሙት፣ አንተ ስትቀበለኝ አላየሁም» አሉ። ሰው ሁሉ በጋቢው ውስጥ ሳቀ። «ልጁ ከሃይማኖታችን አይደለም፤ ማኅበርተኛ አናደርገውም። እልል የተባለበትን ጽዋ መንጠቅ ደግሞ እኔ ከማን ተምሬ? ከእናንተ አንዱ በራሱ ስም ይቀበል። ልጁ በጉልበቱ ያግዝ።»

እንዳላማው ወደ ጫማው ተመለሰ። ደብሪቱ ነገሩን በእማሆይ ጆሮ ጮኻ ነገረቻቸው። እማሆይ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በአንዲት ጎጆ ፈትል እየፈተሉ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ሰምተው ሲያበቁ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«በእኔ ስም ይሁና! ስንት ዘመን በየቤታችሁ ስበላ ስጠጣ ኖርሁ። አንድ ቀን ጽዋውን ወደኔ ዘርግታችሁት አታውቁም። አቅም የላትም ብላችሁ ነው፤ አልዋሻችሁም፣ የለኝም። አሁን ግን ይኸው ሁለት ጎረምሳ አገኘሁ። ሳልሞት አንድ ጊዜ ሰው ደጄን ይርገጠው!»

ቄሱ «ይሁን» ብለው ባረኩ። ደብሪቱ አቅፋ ሳመቻቸው።

ያ ወር ለደብሪቱ የደስታ ወር ሆነላት። ሥራውን ተከፋፈሉት። «ጌሾና ብቅሉ የኔ፤ እንጨትና ውኃው የናንተ» አለች፤ ውል ውል ነውና። ልጆቹ ሰኞ ሰኞ ልብስ አጥበው ሲያበቁ ወደ እማሆይ ጎጆ ይወርዳሉ። ግድግዳው ተቦርቡሮ ስለነበር ጭቃ በጭድ ረግጠው ይለስኑት ገቡ። መንገደኛው ቆሞ ያያል፤ ፈረንጅ ክራባቱን ትከሻው ላይ ወርውሮ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጭቃ ሲያቦካ እንዴት ታይቶ ያልፋል? የእንግሊዝኛ ተማሪዎቻቸው እንጨት ፈለጡ። ኦኬሎ ሽንኩርት እየከተፈ ያነባል፤ እያነባም ይዘፍናል። ገብስ የሚልክ፣ ዱቄት የሚልክ ጎረቤትም አልጠፋ።

ወሬ መቼም አይቀርም። «አሮጊቷን ሃይማኖት ሊያስለውጡ ነው» ተባለ። ቄስ አካለ ወልድ አንድ ሰኞ ራሳቸው መጥተው ደጅ ቆሙና፣ «እማሆይ፣ ምን ሰበኩዎት?» ብለው ጮኹ።

«ጭቃው ጭድ አነሰው ብለው ነዘነዙኝ» አሉ እማሆይ።

ቄሱ ስቀው ሄዱ። በማግስቱ አንድ ሸክም ጭድ ከቤታቸው መጣ።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው የድረስ ስልክ ጮኸ። ዝውውር ነው። ኦኬሎ ይቆያል፤ ድረስ ግን ነገ ማለዳ ወደ አዲስ አበባ። እነሱ ዘንድ ሂድ ከተባለ ይኬዳል። ደብሪቱ ነደደች።

«ሦስት ቀን ቢታገሡ ምን ይጎድልባቸዋል? የደከምህበትን ሳትቀምስ!»

«ስመጣ ቃል ገብቻለሁ፣ እማማ። ወደ ላኩኝ እሄዳለሁ።»

«ለጽዋውስ ቃል አልገባህም?»

ልጁ አንገቱን ደፋ። ደብሪቱ ወዲያው ጸጸታት፤ ግን አንዴ አምልጧታል። ድረስ እንጨት ቁልሉ ላይ ተቀመጠና፣ «እማማ፣ የታኅሣሥን ማንም ባይቀበልስ?» አላት። የእሷም ፍርሃት ይኸው ነበር። አንድ ድግስ ማኅበር አያጸናም።

«ይቀበላሉ» አለችው፤ አላመነችበትም። ማታ አንድ ሚስዮናዊ የኦኬሎን አዲስ ጓደኛ አምጥቶ አደረ፤ በማለዳ ዳቦ ቋጥራ ድረስን ከእሱ ጋር አውቶቡስ ላይ አሳፈረችው። አውቶቡሱ ወደ ደጀን ሲያቀና አልቅሳ ተመለሰች።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። የእማሆይ ጎጆ ሰዉን ስላልቻለው ግቢው ላይ ሣር ተጎዘጎዘ። ባለ ፎቁ አያ አንሙት የእንጨት እስር ላይ ተቀመጠ። እማሆይ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ የጠላውን ማንሠራ አንስተው በገዛ እጃቸው ይቀዳሉ። ኦኬሎና አዲሱ ጓደኛው የእሳቸውን ትእዛዝ መፈጸም አቅቷቸው ይራወጣሉ። «ጨምሩለት! ያ ሰውዬ አልበላም! ቤቴ መጥቶ ሳይበላ?» ነዳያኑ በሉ፤ ጎረቤቱ በላ፤ ዳቦም ተረፈ። የደብሪቱ ዓይን ግን ከቄስ አካለ ወልድ እጅ አልተነቀለም።

ቄሱ ጽዋውን ይዘው ተነሱ። «የታኅሣሥን ማን…»

አላስጨረሷቸውም። ፈትል ፈትላ የምታድር ሴት ደግሳ ያበላችው ሰው፣ እሷው ደጅ ተቀምጦ ዝም ማለት ከየት ያምጣ? አያ አንሙት ተነሥቶ ጨርቁን ያዘ። በዚያኛው በኩል እንዳላማው ያዘ።

«አንሙት፣ አንተ ሙሴ ነህ፤ ሙሴ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀበለው!»

«ማን አለ? ይህ ደግሞ ከየት የመጣ ደንብ ነው?»

ቄስ አካለ ወልድ ጽዋውን ለሁለቱም ለቀውላቸው እየሳቁ ገለል አሉ። ከኋላ ደግሞ አበረ የሚባለው አናጢ «እንግዲያው የጥር የኔ ነው!» ብሎ ጮኸ። እማሆይ እንደ ልማዳቸው ነገሩ ሳያልቅ እልልታውን አስነኩት።

የኦኬሎ ስልክ የጮኸው በዚህ መሐል ነው። አየት አደረገና ለደብሪቱ ሰጣት። ድረስ ነው።

«እማማ፣ ማን ተቀበለ?»

ደብሪቱ ቀና ብላ አየች። ሁለቱ ሰዎች ጨርቁን እየተጓተቱ ነው፤ ጠላው በአያ አንሙት ጋቢ ላይ ይንጠባጠባል። ታዲዮስ ይህን ቢያይ ብላ አሰበች።

«ገና እየተጣሉበት ነው፣ ልጄ» አለችው። እልልታውን እንዲሰማም ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ግቢው ዘረጋችለት።