አለ በሉልኝ

እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰው በስሙ የሚጠራው ደመወዝ ሲቀበል ብቻ ነው። በቀረው ቀን አንዱ ቀጮ ነው፣ አንዱ ሆዴ ነው፣ አለቃው ደግሞ ፊት ለፊት «ጌታዬ»፣ ዞር ሲሉ «ነብሩ» ናቸው። የዛሬው ሰውያችን መስታወቱ ይባላል። ስሙን ያገኘው በሥራው ነው፤ ባያገኘው ይሻለው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤቱ አንዲት የሙቀት ካሜራ ገዛ። በአንድ እጅ የምትያዝ፣ ከኋላዋ ትንሽ ስክሪን ያላት ዕቃ ናት። ጭስ የሞላው ቤት ገብተህ የገዛ እጅህን እንኳ ማየት ሲያቅትህ፣ እሷ ጭሱን አልፋ ሙቀት ታያለች። የሞቀው ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ጥቁር። ሰው ትኩስ ፍጡር ነውና ጥግ ውስጥ ቢወድቅ፣ አልጋ ሥር ቢገባ፣ ነጭ ሆኖ ይታያል። አለቃው ለማን ልስጣት ብለው አወጡ አወረዱና ዝም ያለ፣ የማይቸኩል፣ ዕቃ የማይሰብር ሰው ሲፈልጉ እሱን አገኙት። እሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃት ጀመር።

ምን ያድርግ! ሌላ የሚጠብቀው ነገር አልነበረውማ። ዕድሜው አርባን ዘሏል፣ ሚስት የለችውም። እናቱ እስኪሞቱ ድረስ ከእሳቸው ጋር ኖረ፤ ሲሞቱ ቤቱ ለአንድ ሰው ሰፋና ለቀቀው፣ አንድ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየ። ሌላ ከተማ ያለች እህት አለችው። ሲላት ትደውልና «አንተ፣ አታገባም እንዴ?» ብላው ትስቃለች፣ እሱም ይስቃል፣ ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። የሥራው ፈረቃ የተገላበጠ ስለሆነ ጎረቤት ሲወጣ እሱ ተኝቷል፣ ጎረቤት ሲገባ እሱ ወጥቷል። ደረጃው ላይ ሰው ድንገት ቢያጋጥመው እንኳ አንገቱን ደፍቶ ግድግዳውን ታክኮ ያልፋል። ኩራት የሚመስለው አይጠፋም። ኩራት አይደለም፣ አፉ ሥራ ፈትቶ ነው።

አንድ ልማድ ነበረችው። ፈረቃው አልቆ ጓደኞቹ ወደ ሚስት ወደ ልጆቻቸው ሲበተኑ፣ እሱ ካሜራዋን ቻርጅ አደርጋለሁ ብሎ ወደኋላ ይቀራል። ከዚያ ከፈት ያደርጋትና ሲቀመጡበት ወደነበረው አግዳሚ ወንበር ያዞራታል። የተቀመጡበት ቦታ ሁሉ ነጭ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ይኼ ሆዴ ነው፣ ሰፊው፤ ያቺ ጠባቧ ቀጮ ናት። ቀስ እያለ ይደበዝዛል፣ ከዚያ ወንበሩ ጥቁር ይሆናል። የመጨረሻው እስኪጠፋ ቆሞ ያይና አጥፍቶ ይሄዳል። ይህን ለማንም አልተነፈሰም። ቢተነፍስማ ቀጮ በማግስቱ ሌላ ስም ያወጣለት ነበር።

መስታወቱ የተባለው ግን አንድ ፀጉር ቤት የተቃጠለ ዕለት ነው። ጭሱ ውስጥ ገብቶ ካሜራዋን ሲያዞር፣ ከቤቱ በስተኋላ በኩል አንድ ነጭ ሰው ተንበርክኮ አየ። «ሰው አለ! ሰው አለ!» ብሎ ጮኸ። ቀጮ ጎንበስ ብሎ እየሮጠ፣ ጣሪያው እየተንጠባጠበበት ሄዶ «ያዝኩት!» ብሎ ሲጨብጥ፣ የጨበጠው የግድግዳ መስታወት ሆኖ ተገኘ። ካሜራዋ ጭስን ታልፋለች እንጂ መስታወትን አታልፍም፤ የሚያብለጨልጭ ነገር ሙቀትህን መልሶ ላንተው ያሳይሃል። ሰውያችን አድኑልኝ ብሎ የጮኸው ለራሱ ነበር። መስታወቱ ተሰብሮ የቀጮን መዳፍ ዘነጠለው። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው! «ያ ያዳንከው ሰውዬ እንዴት ነው? ተሻለው?» ይሉታል ሻይ ላይ። እሱም አብሯቸው ፈገግ ይላል፤ ቤቱ ሲገባ ግን እንቅልፍ እምቢ ይለዋል።

አለቃው አልሳቁም። ቢሯቸው ጠርተው፣ «ስማ» አሉት። «ከዛሬ ጀምሮ ሰው አየሁ ከማለትህ በፊት እጅህን አንሣ። ያም እጁን ካነሣ አንተው ነህ፣ አርፈህ ውጣ። ካላነሣ ሰው ነው፣ ጥራን። አንድ ጊዜ ደግመህ በከንቱ ብታስጮኸን ካሜራዋን ለቀጮ እሰጣታለሁ። ገባህ?»

«ገባኝ ጌታዬ።»

ገብቶታል። ካሜራዋን ከወሰዱበት እንደ ማንኛውም ሰው የውኃ ጎማ ጎታች ይሆናል፤ እሱስ ባልከፋው ነበር። ግን በዚህ ዓለም ላይ እገሌ ያስፈልጋል የተባለው በእሷ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ተጠሩ። ክፍል ክፍሉ የሚከራይ አሮጌ ፎቅ፣ ምድር ቤቱ የስፖንጅ ፍራሽ መጋዘን። የስፖንጅ ጭስ ደግሞ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ሁለት ጊዜ የሳበው ሰው ሦስተኛውን አይስብም። ተከራዮቹ ሕፃን ያቀፈ አቅፎ፣ ቴሌቪዥን የተሸከመ ተሸክሞ መንገዱ ላይ ቆመዋል።

«ሰው ቀርቷል?» አሉ አለቃው።

«የለም!» አለች አከራይዋ፣ ነጠላ ጫማ በአንድ እግሯ ብቻ አጥልቃ። «ሁሉም ወጥቷል። ይኸው፣ አይታዩዎትም? አንድም ሰው የለም።»

አለቃው ተከራዮቹን አዩ። ማንም ትንፍሽ አላለም። ሕጉ ሕግ ነውና «ቢሆንም ፈትሹ» አሉ። አንዱ ቡድን ከታች ውኃውን ለቀቀው፤ መስታወቱና ቀጮ ጭምብላቸውን አጥልቀው፣ የአየር ሲሊንደራቸውን አዝለው ወደ ላይ ወጡ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ኮሪደሩን ተካፈሉት፤ ቀጮ ግራውን፣ እሱ ቀኙን።

በእንብርክኩ እየሄደ አንዱን ክፍል ፈተሸ፤ ባዶ። ሁለተኛውንም፤ አንድ ማንቆርቆሪያ ብቻ ነጭ ሆኖ ምድጃ ላይ ተቀምጧል። የመጨረሻውን በር ገፍቶ ካሜራዋን አሻገረ። አልጋ፣ ጥቁር። ጠረጴዛ፣ ጥቁር። ከጠረጴዛው ወዲያ፣ ልክ እንደሱ ወለሉ ላይ ዝቅ ያለ፣ ልክ እንደሱ ወዲህ የዞረ፣ ነጭ ሰው።

አፉን ለጩኸት ከፈተና ፀጉር ቤቱ ትዝ አለው፤ የቀጮ መዳፍ፣ የአለቃው ዛቻ። ቁም ሣጥን ይሆናል አለ በልቡ፣ በሩ ላይ መስታወት ያለበት። ቀኝ እጁን፣ የእጅ ባትሪውን እንደያዘ፣ ከፍ አደረገ።

ነጩ ሰውም ቀስ ብሎ እጁን አነሣ።

«አይ አንተ ሰውዬ» አለ ለራሱ። ያፈረውን እፍረት እሱና ጭምብሉ ያውቃሉ።

ሬዲዮው ተንጫጫ። «መስታወቱ፣ ሰው አለ?»

«የለም ጌታዬ። እኔው ነኝ።»

ከኮሪደሩ ማዶ የቀጮ ሳቅ ሬዲዮ ውስጥ ተሰማ። ፊቱን አዙሮ ወደ በሩ ሄደ።

እዚህ ላይ እናቱን ማንሣት ግድ ነው። ሴትዮዋ ከቤት ሲወጡ በሩ ላይ ሳይቆሙ፣ ዞር ብለው ሳያዩ ወጥተው አያውቁም። ምድጃው ጠፍቷል? መስኮቱ ተዘግቷል? «ቤትን ጀርባ ሰጥተህ አትውጣ፣ ዞር ብለህ እየው» ይሉት ነበር፣ እሱም በልጅነቱ ይሰለቸው ነበር። ከሞቱ በኋላ ግን ዞር ማለቱን ከሳቸው ወረሰው፤ የወረሰውም እሱን ብቻ ነው። ያን ዕለትም በሩ ጋ ሲደርስ፣ የሚያየው ነገር አለ ብሎ ሳይሆን፣ እንዲሁ በልማድ ዞረ።

ነጩ ሰው እጁን እንዳነሣ ነው።

የራሱን እጆች አየ። አንዱ ካሜራዋን ይዟል፣ ሌላው ባትሪውን እንደያዘ የበሩን መቃን ተደግፏል። መልሶ ስክሪኑን አየ። ያ እጅ እላይ ነው።

«ሰው ነው!» ብሎ ጮኸ። «ቀጮ! ሰው አለ! የእውነት ሰው አለ!»

እንዴት እንደደረሰ አያውቀውም። አንድ ቀጭን ሽማግሌ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። መስኮቱን ሊከፍቱ ሞክረው አቅም አጥተዋል፤ ድምፃቸውን ጭሱ በልቶታል። ሲያቅፋቸው እንደ ባዶ ኮት ቀለሉት። ቀጮ በእግራቸው፣ እሱ በብብታቸው ይዘው፣ ደረጃውን እየተንገዳገዱ ወረዱ።

አከራይዋ ባየቻቸው ጊዜ ራሷን ያዘች። «ውይ በሞትኩት! ሽማግሌው! ረሳኋቸው እኮ! በራቸውን ዘግተው ነው የሚውሉት፣ ድምፃቸው አይሰማ፣ ኮቴያቸው አይሰማ...»

«እኔ እኮ ለቀው የወጡ መስሎኝ ነበር» አለ ቴሌቪዥን የተሸከመው። እንግዲህ ቴሌቪዥኑን አልረሳውም።

መሥሪያ ቤት ሲመለሱ ቀጮ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «በል፣ ዛሬስ ሰው አወጣህ» አለው። አለቃውም ካሜራዋን ስለ መንጠቅ ዳግመኛ አላነሡም። ሊደሰት ይገባው ነበር። ግን ያቺ «የለም» ያላት ቃል አብራው ቤቱ ገባች። አከራይዋ የለም አለች፣ ሰዉ ሁሉ ዝም ብሎ የለም አለ፣ እሱ ደግሞ በዓይኑ እያያቸው የለም አለ።

በዕረፍት ቀኑ ብርቱካን ገዝቶ ሆስፒታል ሄደ። ሽማግሌው የት እንደተኙ ሲጠይቅ ነርሷ ቀና ብላ «ለእሳቸው? ተመስገን! እስካሁን የጠየቃቸው ሰው የለም» አለችና አልጋቸውን አሳየችው።

«አባባ፣ አያውቁኝም። ያን ዕለት ጭሱ ውስጥ የገባሁት...»

«ባለ መብራቱ!» አሉ በሻከረ ድምፅ። «ና፣ ና ተቀመጥ።»

ሽማግሌው በዘመናቸው የሲኒማ ቤት ትኬት ቆራጭ ነበሩ። ከተማው በሙሉ በእሳቸው እጅ ነበር የሚያልፈው፤ ስንቱን «ሰላም ዋልክ፣ ሰላም ዋልሽ» እንዳሉ ቁጥሩን አያውቁትም። ሲኒማ ቤቱ ሲዘጋ ሰላምታውም አብሮ ተዘጋ።

«ልጮህ ብል ድምፅ እምቢ አለኝ» አሉት። «በቃኝ ብዬ ቁጭ አልኩ። ከዚያ መብራት ገባ። ቆመና ከፍ አለ። ሰላም እያለኝ ነው አልኩ። ሰው ሰላም ሲልህ ዝም ይባላል እንዴ? እኔም እጄን አነሣሁ።»

መስታወቱ ብርቱካኑን ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ዋሽቶ መውጣት ይችል ነበር፤ አልሆነለትም። «ሰላም ማለቴ አልነበረም አባባ። መስታወት መስለውኝ፣ የራሴ መልክ መስለውኝ ነው። የለም ብዬ ጀርባዬን ሰጥቼዎት ነበር።»

«አይቻለሁ። መብራትህ ዞረ።»

«ታዲያ እጅዎን ለምን አላወረዱም?»

«ሰላም ብሎኝ ያለፈ ሰው አንተ የመጀመሪያው መሰለህ?» አሉና ሳሉ፣ ከዚያ ፈገግ አሉ። «አልቀየምኩህም ልጄ። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ ሰው ሰላም ብሎኝ ነው የምሞተው አልኩ። በደስታዬ እጄን ማውረዱን ረሳሁት።»

እናቱ ሲቀበሩ ያልመጣ እንባ ያን ጊዜ መጣ። ሽማግሌው አይተው እንዳላዩ ሆነው ብርቱካን መላጥ ጀመሩ፤ ግማሹን ለእሱ፣ ግማሹን ለራሳቸው።

ሲወጣ ነርሷ፣ «መዝገቡ ላይ ማን ጠየቃቸው ልበል? ምናቸው ነህ?» አለችው።

ዘመድ አይደለም፣ ጎረቤት አይደለም። «ሰላምታ አለን» አላት።

ከዚያ ወደ ቤቱ ሄደ። የሚኖርበት ፎቅ ምድር ቤት አንዲት ጠና ያሉ ልብስ ሰፊ አሉ፤ በራቸው ደረጃው አፍ ላይ ነው። ስንት ጊዜ በዚያ በር አንገቱን ደፍቶ አልፏል! ዛሬ ቆመ።

«ጤና ይስጥልኝ።»

«አብሮ ይስጥልን። ሱሪ ማሳጠር ነው?»

«አይደለም እትዬ። እዚሁ ነው የምኖረው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጥግ ላይ ያለችው ክፍል።»

የስፌት መኪናቸውን አቆሙ። «እዚህ? ከመቼ ወዲህ? እኔ እኮ ያቺን ክፍል ባዶ ናት ነው የምለው!»

«ባዶ አይደለችም፤ እኔ አለሁባት።»

«ታዲያ ምን ልርዳህ?»

«አንዲት ነገር ላስቸግርዎት ነው።» አፉ ሥራ ፈትቶ ከርሟልና ቃሉ ቶሎ አልመጣለትም። «ምናልባት አንድ ቀን እሳት ቢነሣ፣ ሰው ቀርቷል ወይ ብለው ሲጠይቁዎት፣ አለ በሉልኝ።»

«ኧረ አፍህን ያዝ! ምን ያለው ሟርተኛ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ!» ብለው ሊስቁ ሲሉ ፊቱን አዩት። መቀሳቸውን አስቀመጡ። ወደ ደረጃው፣ ከዚያ ወደ እሱ ተመለከቱ።

«ሦስተኛ ፎቅ፣ ጥግ ላይ?»

«አዎ።»

«እሺ ልጄ» አሉት። «አለ እላለሁ።»