የእድሩን ድንኳን ሰው ሳይሞት የተከልኩ ቀን

ሀና ማርያም ያለውን የቅዳሜ ክሊኒክ ፈረንጆች ናቸው ያቋቋሙት የሚልህ ካለ እንዳትሰማው። እኔ ነኝ ያቋቋምኩት። እነሱ ሀኪምና መድኃኒት አመጡ፣ ሌላው በሙሉ የኔ ነው። እኔና ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ በሰላም ባንለያይ ኖሮ ነጭ ጋዋኑንም የምለብሰው እኔ ነበርኩ።

ያኔ ከጀሞ ሜክሲኮ በሚሰራ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነኝ፣ እናንተ ወያላ የምትሉት። ድምፄ ደግሞ ሌላ ነው። ጀሞ ላይ «ሜክሲኮ!» ካልኩ ለቡ መብራት ኃይል የተኛ ሰው ተነስቶ ሱሪውን ይፈልጋል። አንድ ጠዋት ፀጉሯ የሸበተ ፈረንጅና አንዲት የኛ ልጅ ተሳፈሩ። ልጅቷ ነርስ ናት፣ ለፈረንጇም ታስተረጉማለች። በስልክ ስታወራ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። ከባህር ማዶ በነፃ ሊያክሙ የመጡ ሀኪሞች ናቸው፤ ቃል የተገባላቸው አዳራሽ ተከለከለ፤ እስከ ቅዳሜ ቦታ ካላገኙ ወደ ሌላ ከተማ ሊሄዱ ነው።

ሒሳብ መቀበሉን ትቼ «እኔ ቦታ አለኝ» አልኳት። ምንም ቦታ አልነበረኝም።

ያሳደገችኝ አክስቴ እቴቴ ነች እንዲህ ያስባለችኝ። እግሯ ላይ ቁስል ወጥቶባት ነበር። ክረምት ሳይገባ የጀመረ ቁስል፣ አደይ አበባ ረግፎም አልዳነም። ጤና ጣቢያ እንሂድ ስላት አንዴ ፀሐዩ ከረረ፣ አንዴ ቤቱን ማን ይጠብቃል። እውነቱን ግን አውቀዋለሁ፣ ይቆርጡኛል ብላ ፈርታ ነው። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ራሱ ትታለች። ከቤት የሚያስወጣት ለቅሶ ብቻ ነው፤ የሰው ለቅሶ ከቀረሁ እኔን ማን ይቀብረኛል ትላለች። ስለዚህ ክሊኒኩን ደጃፏ ላይ ባመጣው ምን ሰበብ ይቀራታል አልኩ።

ሰፈራችን ውስጥ ብዙ ሰው የሚያስቀምጥ ነገር ያለው እድሩ ብቻ ነው። ድንኳኑም አግዳሚ ወንበሩም የሱ ነው። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፣ ሳቅ ራሱ በመመሪያ የሚፈቅዱ። ጉዳዩን ነገርኳቸው።

«ድንኳን የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሰው ሞቶ ከምንተክለው ሳይሞት ብንተክለው አይሻልም?»

እጃቸውን ኪሳቸው ከተው የመጋዘኑን ቁልፍ አወጡ። አንድ ነገር ብቻ አደራ አሉኝ፣ ለሰፈሩ ሰው አስቀድሜ እንድናገር። እኔም ተናገርኩ፤ ጀሞ ታክሲ ተራ፣ እዚያው ያለው ፀጉር ቤት፣ ጆተኒ ቤት፣ ያልነገርኩት የለም። የኛ ሰፈር ግን ድንኳኑን ሲያይ ይገባዋል ብዬ ተውኩት። ገባው። የገባው ግን ሌላ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ ከጓደኞቼ ጋር እቴቴ በር ፊት ለፊት ተከልነው። ሀኪሞቹ ጠረጴዛቸውን ሳይዘረጉ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከላይ መውረድ ጀመሩ። ሙስሊሟ ጎረቤታችን ንፍሮዋን ይዛ መጣች። ጴንጤዎቹ ባልና ሚስት ጥቁር ለብሰው ከኋላ ተቀመጡ። ሁሉም ማን እንደሞተ በሹክሹክታ ይጠያየቃል፣ የሚያውቅ የለም። አንዷ እያለቀሰች ስትገባ ፈረንጇ ሀኪም ሕመም የጠናባት መስሏት ደግፋ ልታስቀምጣት ሮጠች።

ማንም እንዳልሞተ፣ ክሊኒክ እንደሆነ ስናገር እንኳን ደስ ሊላቸው ተቆጡ። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን አነሱብኝ። «ሬሳ የሌለው ድንኳን ሬሳ ይጠራል። ንቀለው!»

ሰው ተነሳ። ነርሷ ጠጋ ብላ ሀኪሟ ዕቃ እንሰብስብ ወይ ትላለች አለችኝ። የሚሰበሰብ የለም አልኳት፣ ምሰሶውንም አቀፍኩት። ነቃይ ካለ እኔንም አብሮ ይንቀል ብዬ።

በዚህ መሀል የእቴቴ በር ተከፈተ። ድንኳን በራሷ ደጅ ቆሟል፣ ሰው ሞልቷል፣ እሷ ደግሞ ከኔ ሌላ ማንም የላትም። ጫማ አላደረገችም። ያን እግር እየጎተተች ደረቷን እየደቃች «ልጄን! ልጄን!» ትላለች። በሕይወቴ ቀልድ ያጣሁት ያን ጊዜ ነው።

«እዚህ ነኝ እቴቴ» አልኩ፣ ምሰሶውን እንዳቀፍኩ።

አየችኝ። መጥታ ፊቴን ዳበሰች፣ ቀጥላ በጥፊ አለችኝ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ስሯ ተንበርክኬ ማንም እንዳልሞተ፣ እንዳይሞት እንደተከልነው ነገርኳት። ሰውም ቆሞ እሷን ያያል።

«አሁን እኔ ያየሁትን አንተ እንድታየው አልፈልግም» አለችኝ። እግሯን ዘረጋች። «ጥራት ሀኪሟን።»

የሰፈሩን ለቅሶ አንድም ቀን ያልቀረች ሴት ከተቀመጠች ማን ይነሳል? ሁሉም ተመልሶ ተቀመጠ። እኔም ነፍሴ መለስ ስትል አግዳሚ ላይ ወጣሁ። «ግፊት፣ ስኳር፣ ዓይን! ጠጋ ጠጋ በሉ፣ መሀል ላይ ቦታ አለ!» እንደዛን ቀን ቶሎ ሞልቶልኝ አያውቅም።

እቴቴን ስኳር ነው አሏት። ነርሷ ራሷ ሆስፒታል ይዛት ሄደች። ትንሿ የእግር ጣቷ ተቆረጠች፣ እግሯ ተረፈ። ክሊኒኩ እስከ ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ አለ። የእውነት ለቅሶ ሲመጣ ድንኳኑን ለሐዘንተኛው እንሰጥና እቴቴ ግቢ እንገባለን። ዛሬ ሰው ሲጠይቀኝ ሁሉንም አስቤበት ነው እላለሁ።

ከዘራ ያነሱብኝ ሽማግሌም ግፊት አለባቸው፣ አሁን ከሁሉ ቀድመው የሚመጡት እሳቸው ናቸው። አንድ ቅዳሜ ክንዳቸውን እየተለኩ እቴቴን «ሬሳ ይጠራል አላልኩም ነበር? ይኸው ማንንም አልጠራ» ብለው በራሳቸው ሳቁ።

«ጠራ እንጂ» አለቻቸው፣ የዳነውን እግሯን አየት አድርጋ። «ጣቴን ወሰደ። በሷ ይብቃው።»