ጠባቡ ቀዳዳ እና የጎሚስታው ልጅ

አውሮፕላኔ ማታ ስለነበር ከአሰላ የወጣሁት ቀትር ላይ ነው። አባዬ ግን የአንድ የሳጉሬ ሚኒባስ ጎማ ሳይገጥም አልሸኝሽም አለ፤ ተሳፋሪው መንገድ ላይ ሊቀር ነው። ስለዚህ ሻንጣዬን ጎሚስታ ቤቱ በር ላይ አቁሜ፣ የጉዞ ልብሴን እንደለበስኩ፣ የሳሙናውን ውሃ አቀበልኩት። እናቴ «ነጋን ዴቢኢ» ብላ በሰላም እንድመለስ መረቀችኝ። እጄ እስከ ቦሌ ድረስ ጎማ ጎማ ይሸት ነበር።

አሁን ቱርክ ውስጥ፣ ኢዝሚት በምትባል የፋብሪካ ከተማ፣ የጎማ ቴክኖሎጂ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ደህና ነኝ፣ አታስቡ። ብርዱ ከአሰላ አይብስም፤ እርጥብ ስለሆነ ግን አጥንት ውስጥ ይገባል። ሻይን ቻይ ይሉታል፣ ቀኑን ሙሉ ይጠጡታል። ገብስም አላቸው፤ በሶ አድርጎ የሚበጠብጠው ብቻ ጠፋ።

አከራዬ ኤሚኔ ቴይዜ ይባላሉ፤ ቴይዜ እንደኛ እትዬ ማለት ነው። አንድ ቀን በሬን አንኳኩተው «ልጄ፣ የአገርሽ ምግብ ክፉ ነው አልልም፤ ብቻ ስታበስዪ መስኮት ክፈቺ» አሉኝ። እኔ ያን ዕለት የበላሁት እሳቸው የሰጡኝን የምስር ሾርባ ነው። የሸተታቸው ከቤተ ሙከራ በሹራቤ ይዤው የመጣሁት፣ ጎማ ውስጥ የሚጨመረው ድኝ ነበር። «ቴይዜ፣ ይሄ የእናንተ ፋብሪካ ሽታ ነው» አልኳቸው። ሹራቤን አሸተቱ። የሞቱት ባላቸው ከሥራ ሲገቡ እንዲህ ይሸቱ እንደነበር ነገሩኝና ሌላ ሾርባ አመጡልኝ።

ቤተ ሙከራው ውስጥ ረዳት ሆኜ የገባሁት ለሙከራ ጊዜ ነው። ለአንደኛ ዓመት ተማሪ አይፈቀድም ነበር፤ መምህሬን ኔርሚን ሆጃን ለምኜ ነው፤ መምህርን ሆጃ፣ ሲጠሩት ደግሞ ሆጃም ይላሉ። ካልቀጠሉኝ ማሽን የምነካው ሦስተኛ ዓመት ስደርስ ነው። ሥራዬ የጋለ ጥሬ ጎማ ስፋታቸው በሚለያይ የብረት ቀዳዳዎች ሲገፋ በምን ያህል ግፊት ምን ያህል እንደሚፈጥን መመዝገብ ነው። ሂሳቡን የምንሠራው የቀዳዳውን ግድግዳ የነካው ጎማ ተጣብቆ ይቀራል፣ መሃሉ ይሮጣል ብለን ነው።

እኔ ግን የጎሚስታ ልጅ ነኝ። እኛ ቤት ጎማ ሳሙና ሳይቀባ ቸርኬ አይነካም፤ በደረቁ መግጠም ነውር ነው። ስለዚህ ቀዳዳዎቹን ካጸዳሁ በኋላ፣ እጄ ስለለመደ፣ ሁሉንም በሳሙና ውሃ አበስኳቸው። ውሃው ደረቀ፣ ሳሙናው ቀረ። ጎማው እንደ ቅቤ ሲወጣልኝ ደስ ብሎኝ ቁጥሮቹን የመዘገብኩበትን ወረቀት ለሆጃ ወሰድኩ።

ሆጃ ቁጥሮቹን አይተው ይህ ጎማ እየፈሰሰ አይደለም፣ እንዳለ እየተንሸራተተ ነው አሉ። ማሽኑ የተበላሸ መስሏቸው ቴክኒሻን ሊጠሩ ስልክ አነሱ። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር።

«ሆጃም፣ እኔ ነኝ። ሳሙና ቀባሁት።»

«ለምን?»

«ቤታችን እንደዚያ ነው የሚሠራው።»

ስልኩን አስቀመጡት። ሁሉንም አጥቤ እንደገና እንድለካ አዘዙኝ፤ ካልተስተካከለ ሌላ ረዳት እንደሚፈልጉም ነገሩኝ።

አጠብኩ። ሰፊው ቀዳዳ ልክ መጣ። በጠባቡ ግን ጎማው አሁንም ከሂሳቡ ፈጥኖ ወጣ። ደግሜ አጠብኩ፤ ያው ነው። አሁን ይህን ይዤ ብሄድ ማን ያምነኛል? ቁጥሩን ትንሽ ገፋ ባደርገው ልክ ይመስላል። እርሳሱን ይዤ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ ያገኘሁትን እንዳለ አስረከብኩ።

ሆጃ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቀዳዳውን ራሳቸው አጠቡ፣ ራሳቸው ለኩ። ያው ቁጥር መጣ። እሳቸው እንደነገሩኝ፣ ጎማው ውስጥ የተቀላቀለው ሰም ሲግል ወደ ዳር እየወጣ ራሱን ሳይቀባ አይቀርም፤ ቀዳዳው በጠበበ መጠን ደግሞ መንሸራተቱ ይጎላል።

«ሌሎቹ ረዳቶች ይህን በእርሳስ ነው የሚያስተካክሉት» አሉኝ። ቀጥለውም «ሰኞ በሰዓትሽ ነይ። ሳሙናሽን ግን ቤት ተዪው።»

አባዬ ጋ ደወልኩ። አሰላ ይዘንብ ነበር። ሁሉን ስነግረው፣ ስለ ሳሙናው ማን ነገራቸው አለኝ።

«እኔ።»

«እንዲያ ነው» አለ። ወዲያው ከጎበሳ የመጣ የጭነት መኪና በሩ ላይ ቆመና «ቆዪኝ» ብሎ ስልኩን ሳይዘጋ የሆነ ነገር ላይ አስቀመጠው። ብረት በብረት ሲመታ፣ ሹፌሩ በኦሮምኛ ሲያማርር፣ አባዬ ሲስቅበት ሰማሁ። ስልክ ላይ መሆኔን ረስቶታል። ጮክ ብዬ ብጠራው ይሰማኝ ነበር፤ አልጠራሁትም፣ ጎሚስታ ቤታችንን እያዳመጥኩ ቆየሁ።