በየሃያ ደቂቃው የሚጠፋ ሞተር

የጉዞ ትእዛዝ የደረሰን ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ትእዛዙን ያወጡት እትዬ የሺ ናቸው፤ ዳባት ውስጥ በጠላቸው የታወቁ፣ የጦር ጓዴ የአሥር አለቃ ሙጬ ባለቤት። ቃላቸው አጭር ነበር። «ነገ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ልጁ ማርያም ደጅ ይድረስ።»

ልጁ የሴት ልጃቸው የውብነሽ ነው። ውብነሽ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አጥታ፣ ከደባርቅ በላይ ዳገቱ ላይ ላለችው ማርያም «ወንድ ልጅ ከሰጠሽኝ፣ በአርባ ቀኑ አንቺ ደጅ ይጠመቃል» ብላ ተስላ ነበር። አርባው ቀን ዓርብ ላይ ዋለ። ክርስትና የማነሳው እኔ ነኝ፤ መኪናውም የእኔ ነው። ዘመቻው ቢከሽፍ በማን እንደሚላከክ ግልጽ ነበር።

እናንተ ልጆች ስለ ግንባር ስትጠይቁኝ ብዙ እንደማልናገር ታውቃላችሁ። እኔና ሙጬ በአንድ ሻምበል ነበርን፤ እሱ መትረየስ ተኳሽ፣ እኔ ሰዉ ሁሉ እስከ ዛሬ «ሃምሳ አለቃ» የሚለኝ መካኒክ። የዚያን ዓርብ ዘመቻ ግን ማንም ሳይጠይቀኝ እጽፈዋለሁ። እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን ጥቂት ነው፤ እንደዚያ የተደሰትኩበትም ጥቂት ነው።

የመኪናውን ነገር ላስቀድም። አሮጌ ሚኒባስ ነው። የራሱ የቤንዚን ሞተር ሲሞት፣ ከተገለበጠ ፒክአፕ የወጣ የናፍጣ ሞተር ገዝቼ በእጄ ገጠምኩለት። ማቀፊያውን ራሴ በየድኩ፣ ሽቦውን ራሴ ዘረጋሁ። «አይሠራም» ያላለኝ ሰው አልነበረም፤ ሠራ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ሞተር ክፉ ሲወራ ደሜ ይፈላል።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከዳባት ተንቀሳቀስን። ውብነሽ ሕፃኑን ታቅፋ መሃል ላይ ተቀመጠች። ባሏ ደሳለኝ የጠላውን ጀሪካን በእግሮቹ መሃል ይዞ ከኋላ፣ እትዬ የሺ በመስኮቱ በኩል፣ ሙጬ ከእኔ ጎን። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ በግራም በቀኝም ገብሱ ለአጨዳ ደርሷል። እህል የቀመሰ ሰው ባይኖርም መኪናው ውስጥ ዘፈኑ የሠርግ ነበር።

ሁለት ሰዓት ከሃያ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተንገጫገጨና ጠፋ። ጠርዝ ይዘን ቆምን። ሞተሩ ያለው ከሙጬ መቀመጫ ሥር ስለሆነ ሙጬን አስነሳሁት።

«ምን አገኘው?» አለ።

«ፊልትሮው ነው» አልኩ ሳልጠራጠር። የናፍጣ ማጣሪያውን ፈትቼ አጠብኩ፣ መልሼ ገጠምኩ፣ አየሩን አስወጣሁ። ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ቁልፉን ሳዞር ባንዴ ተነሳ። እትዬ የሺ እልልታቸውን አቀለጡት። እኔም ትንሽ ኮራሁ።

ሦስት ሰዓት ከአሥር። ደባርቅ መግቢያ ላይ ጠፋ።

«ጠላት ተደመሰሰ ብዬ ሪፖርት ላድርግ ወይስ ትንሽ ልጠብቅ?» አለ ሙጬ ከመቀመጫው እየተነሳ።

አሁን ጥፋተኛው ሽቦ ነው አልኩ፤ ከቁልፉ ወደ ናፍጣ ፖምፓው የሚሄደው። ላጥኩት፣ አጠማዘዝኩት፣ በፕላስተር ጠቀለልኩት። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። አንድ ባጃጅ አጠገባችን ቆመ። ደሳለኝ ቀረብ ብሎ በትሕትና «ጋሼ፣ እሷንና ልጁን በባጃጅ ብናስቀድማቸው ምን ይመስልዎታል?» አለኝ።

«ድኗል አልኩህ እኮ!»

እውነትም ሞተሩ ተነሳ። ባጃጁም ሄደ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ወረቀት አይደለሁም።

ከደባርቅ ወጥተን ወደ ኮረኮንቹ ታጠፍን። አራት ሰዓት ላይ ዳገቱ መሃል ጠፋ። በዚያ መንገድ ዓርብ ቀን ሌላ መኪና አይገኝም። ፊልትሮውን ደግሜ ፈታሁ። ሽቦውን ደግሜ ነካካሁ። የእጄ ቆዳ ተላጠ። ፖምፓው ነው አልኩ። ቀጥዬ ዳገቱ ነው አልኩ። ቀጥዬ ደግሞ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩ አልለመደውም አልኩ።

«ጭላዳ ዝንጀሮው ተንፍሶት ይዘልበታል እኮ!» አለ ሙጬ።

አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ውብነሽ ወረደች። ሕፃኑን ከደረቷ አጥብቃ አሰረችና ነጠላዋን አጣፋች። «ሃምሳ አለቃ፣ እርስዎ ቀስ ብለው ይምጡ። እኔ በእግሬ እደርሳለሁ።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። የቀረው መንገድ በእግር ከሁለት ሰዓት እንደማያንስ ሁላችንም እናውቃለን፤ እሷም ታውቃለች። ገና ከአራስ ቤት የወጣች ሴት፣ በባዶ ሆዷ፣ ስለቷን ይዛ ዳገቱን ጀመረችው። ደሳለኝ ጃንጥላ ዘርግቶ ተከተላት። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀችውን ቀን በእልኬ ያበላሸሁባት እኔ ነኝ ብዬ አለቀስኩ፤ አልደብቃችሁም።

እትዬ የሺ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። «ለመሆኑ ናፍጣ አለው?»

መካኒክን ከዚህ በላይ የሚሰድብ ጥያቄ የለም። «ትናንት ነው የሞላሁት፣ እትዬ የሺ!» ብዬ ላሳያቸው ተነሳሁ። የናፍጣ መያዣው ክዳን አልላቀቅ አለኝ። በሁለት እጄ ታገልኩት። ሲከፈት «ፍሽሽሽ» ብሎ ረጅም አየር ወደ ውስጥ ሳበ።

እትዬ የሺ ጆሯቸውን አቀኑ። «ይኸማ ታፍኖ ነው! እኔ ጠላ ስቀዳ የጀሪካኑን አናት ካልበሳሁለት መች ይወርድልኛል? ከላይ አየር ያላገኘ ዕቃ ከታች አይሰጥም። ማን ነው እንዲህ አርጎ የወተፈው?»

የወተፍኩት እኔ ነኝ። ሐሙስ ዕለት፣ የናፍጣው ሽታ ሕፃኑን እንዳያስቸግረው ብዬ፣ ከአሮጌ ከመነዳሪ፣ ከጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ቆርጬ ክዳኑ ውስጥ ገጠምኩና ጠርቅሜ ዘጋሁት። ናፍጣው ሲጎድል ቦታውን የሚተካ አየር መግቢያ አጣ። ሃያ ደቂቃ ከሄደ በኋላ ሞተሩ መሳብ ያቅተዋል። እኔ ስፈታና ስገጥም አየር ቀስ እያለ ይሾልካል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ እኔም ያዳንኩት ይመስለኛል። ለሞተሩ የጠቀመው እረፍቱ እንጂ የእኔ እጅ አልነበረም። በወታደር ልማዴ ሰዓቱን በማስታወሻ ይዤ ነበር፤ ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ ይላል። ጻፍኩት እንጂ አላነበብኩትም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ሙጬ ከሳቁ ብዛት መሬት ላይ ተቀመጠ። «የገዛ መድፋችን ነዋ የመታን!»

ላስቲኩን መንጭቄ አወጣሁ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሞተሩ ተነሳ። ሁለተኛውን ኩርባ ስንዞር ደረስንባት። ጡሩምባ ስነፋ ዞር አለች፤ ፊቷ በላብ ርሷል።

«ዳነ?»

«ድሮም አልታመመም። የታመምኩት እኔ ነኝ» አልኳት። በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ክዳኑ ያለ ላስቲኩ ጥብቅ ብሎ ስለማይገጥም የናፍጣው ሽታ መኪናውን ሞላው። ሕፃኑ አነጠሰ። «ይማርህ!» አልን ሁላችን ባንድ አፍ። እትዬ የሺ ዘፈኑን ካቆሙበት ቀጠሉ። አራት ሰዓት ከሃምሳ ሲሆን እኔም ሙጬም እኩል ሰዓታችንን አየን። ሞተሩ መንገዱን ቀጠለ።

አምስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ማርያም ደጅ ደረስን። ቄሱ ውሃውን ባርከው ይጠብቁ ነበር። ልጁ ሲጠመቅ ደባርቅ ድረስ የሚሰማ ጩኸት ጮኸ። ከውሃው ተቀብዬ አነሳሁት። እናቱ የቤተ ክርስቲያኑን ደፍ ስማ ግንባሯን እዚያው አሳርፋ ቆየች።

ከቅዳሴ በኋላ በግቢው ጥድ ሥር ተቀመጥን። በግንባር እያለን ውጊያ ሲያበቃ የመጀመሪያ ሥራችን መቁጠር ነበር። አንድ ጠዋት አንድ ኮረብታ ወጣን። ማታ ስንወርድ እኔና ሙጬ ቆጠርን። የጎደሉትን በስም ጠራን፤ የመለሰልን የለም። ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር በሄድኩበት ሁሉ በልቤ እቆጥራለሁ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ያን ቀንም ቆጠርኩ። ውብነሽ ግንቡን ተደግፋ ታጠባለች፤ ልጁ ጡቷን ይዟል። ደሳለኝ ለካህናቱ ጠላ ይቀዳል። እትዬ የሺ ከአንዲት መነኩሴ ጋር ይሳሳቃሉ። ሙጬ አለ፤ እኔ አለሁ። ቀና ስል የሙጬ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ለካ እሱም ይቆጥራል። ይህን ሁሉ ዓመት ጎን ለጎን ስንኖር አላውቅም ነበር።

«ስንት?» አልኩት።

«ስድስት» አለ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ፊቱ ይስቃል። «ስንወጣ ስንት ነበርን?»

«ስድስት።»

«እስቲ ደግመህ ቁጠር» አለኝ።

ደግሜ ቆጠርኩ። ስድስት ነን።