የወተቱ መስመር

ሞግዚት ስፈልግ ለደላላው የሰጠሁት ትእዛዝ አጭር ነበር፤ ልጅ የሌላት፣ ባል የሌላት፣ ስልክ ላይ ተጥዳ የማትውል። ባለቤቴ ሥራው ባሕር ዳር ስለሆነ በሁለት ሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። እኔ ዳንግላ አስተምራለሁ። ልጃችን ዓመት ከመንፈቅ ሊሆናት ነው፤ የሚይዝልኝ ሰው ካጣሁ ሥራዬን መልቀቄ ነው።

ደላላው ከግምጃ ቤት የመጣች አንዲት ዝምተኛ ልጅ ይዞልኝ መጣ፤ ልጅም ባልም የለኝም አለችኝ። ደመወዝ ሲነሳ ግን ዝምታዋ የት እንደገባ እንጃ! የደመወዜን ሲሶ ጠየቀች፤ ብለምናትም አልቀነሰችም። ማታ ማታም ከተማው ጫፍ አክስቷ ቤት እንደምታድር ቁርጡን ነገረችኝ። ለአንድ ራሷ ይህን ሁሉ ብር ምን ታደርገዋለች? አማራጭ ስላልነበረኝ ቀጠርኳት፤ ዓይኔን ግን ከእሷ ላይ አላነሳሁም።

መጠራጠር አመሌ ነው፣ አልክድም። የልጄን ዱቄት ወተት በፕላስቲክ ዕቃ ገልብጬ፣ የደረሰበትን ቦታ ከጀርባው ከትምህርት ቤት ባመጣሁት ማርከር አሰምር ነበር። ማታ ስመለስ መጀመሪያ የማየው ልጄን ሳይሆን መስመሩን ነው። ወተቱ አንድም ቀን ከልኩ አልጎደለም። ይህም አላረጋጋኝም፤ ነቅታብኛለች ማለት ነው አልኩ።

አንድ ቅዳሜ ሞግዚቷ እረፍት ላይ ስለነበረች ልጄን አዝዬ ገበያ ወጣሁ። አንድ ባለጋሪ አጠገባችን ሲደርስ ልጄ ከጀርባዬ ላይ ፈረሱን በምላሷ እየጠራች መፈናጠር ጀመረች። ሰውየው ልጓሙን ያዝ አድርጎ ሳቀላት።

«እሜቴ፣ ዛሬስ አንሄድም እንዴ?»

«ልጄ የት ነው የምትሄደው?» አልኩት።

ሳቁ ጠፋ። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እህቴ? ሁልጊዜ ቀትር ላይ ከአንዲት ልጅ ጋር ከተማው ጫፍ አደርሳቸዋለሁ።»

ሞግዚቷ ናት። ልጄን ይዛ ለልመና እንደምትቀመጥ፣ ደመወዜ ሳያንሳት በልጄ ፊት ሳንቲም እንደምትለቅም ታየኝ። ጋሪው ላይ ዘልዬ ወጣሁና «እነሱን የምታወርድበት ቦታ አውርደኝ» አልኩት። መንገዱን ሙሉ የምሰድባትን ስድብ ሳዘጋጅ ነበር።

ባለጋሪው ካሳየኝ ቤት ደጃፍ ላይ ሞግዚቷ ተቀምጣ ጡት ታጠባለች። የምታጠባት ልጅ የእኔዋን ታክላለች። ልጄ ከጀርባዬ ስትወርድ የገዛ ቤቷ ይመስል ሮጣ ሄዳ የሕፃኗን እግር ያዘች። ከውስጥ አንዲት አሮጊት ወጡ፤ ሁለቱ በአገውኛ አንድ ነገር ተባባሉ። ቋንቋውን አልሰማም፤ ስለ እኔ እንደሆነ ግን እርግጠኛ ነበርኩ።

«ልጅ የለኝም ብለሽኝ አልነበር?» አልኳት።

«አለኝ ብል ይቀጥሩኝ ነበር?»

አክስቷ ጣልቃ ገቡ። «ይቺን የምጠብቅላት እኔ ነኝ፣ ልጄ። ቀትር ላይ መጥታ አጥብታት ትሄዳለች። ጉሊቴን ትቼ ነው የተቀመጥኩት፤ ስለዚህ ከምታገኘው ግማሹን ትሰጠኛለች። እኔስ ምን ልብላ?»

መጀመሪያ ስለዋሸችኝ ተናደድኩ። ቀጥሎ አፈርኩ። እኔ የዱቄት ወተት ስለካ እሷ ጡቷ ሞልቶ እኔ ቤት ስትብሰለሰል ትውል ነበር። ልጄን ሳትነግረኝ ይዛ መውጣቷን ዛሬም ይቅር ብያለሁ ለማለት ይቸግረኛል፤ ግን ብትጠይቀኝ ኖሮ እሺ እንደማልላት አውቃለሁ።

«ከሰኞ ጀምሮ ይዘሻት ነይ፤ አብረው ይዋሉ» አልኳት።

ደስ ይላታል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ዓይኖቿን አጥብባ ፊቴን መረመረችው።

«ከደመወዜ ስንት ሊቀንሱ ነው?»

«ምንም።»

አላመነችኝም። ያን አስተያየት አወቅሁት፤ የራሴ ነው።

ሰኞ ጠዋት ልጇን አዝላ፣ በእጇ ፌስታል አንጠልጥላ መጣች። ከፌስታሉ ውስጥ ዱቄት ያለበት የፕላስቲክ ዕቃ አውጥታ ከእኔ ወተት ጎን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ቀጥላም ጀርባውን ወደ እኔ አዞረችው። ዱቄቱ የደረሰበት ላይ በቢላ ጫፍ የተጫረ መስመር ነበር።

«የልጄ የገንፎ ዱቄት ነው፣ እትዬ» አለች። «ከእርስዎ እንዳልነካሁ እንዲያዩበት።»