ስምንት ስልክ ያልገባበት ሒሳብ

ደባርቅ ውስጥ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ስለዚህ አባቴ ሳንባቸውን ታመው ከዳባት ገጠር እኔ ዘንድ ሲመጡና ሐኪም የኦክስጅን ማሽን ሲያዝላቸው፣ የመብራቱን ጣጣ እንደ ሌላው ሰው ለእግዜር አልተውኩትም። ዩፒኤስ ገዛሁ። መብራት ሲሄድ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆይ ነው። ስንት ደቂቃ እንደሚያቆይ ለማወቅ ተማሪዎቼን በየዓመቱ የማሰቃይበት ሒሳብ በቂ ነበር፦ የባትሪዎቹን ቮልት በአምፔር ሰዓታቸው ማባዛት፣ ከመቶ ሠላሳው መንገድ ላይ ይባክናል ብሎ መቀነስ፣ የቀረውን ማሽኑ ለሚበላው ሦስት መቶ ዋት ማካፈል። አንድ ሰዓት ወጣ። "አንድ ሰዓት" ብዬ ጻፍኩና ከአልጋቸው በላይ ለጠፍኩት።

ያ ሰዓት ያስፈልገኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ወጥቼ፣ ሆስፒታል ደርሼ፣ የተሞላ ሲሊንደር በባጃጅ ጭኜ ቤት ለመግባት ሃምሳ ደቂቃ ይፈጅብኛል። ባትሪው ቀድሞኝ ካለቀ አባቴ ያለ አየር ይቀራሉ።

አንድ ቅዳሜ ሲሊንደር ተውሼ፣ ሶኬቱን ራሴ ነቅዬ ሞከርኩት። በአርባኛው ደቂቃ ዩፒኤሱ ጮሆ ጮሆ ዝም አለ። ገመዱን ተከትዬ አልጋው ሥር ባጎነብስ ማከፋፈያ፤ ማከፋፈያው ላይ ስምንት ስልክ።

"አባባ፣ ይህ ምንድን ነው?"

"የሰው ስልክ ነዋ። የእርስዎ መብራት አይጠፋም እያሉ ያመጣሉ።"

"ታዲያ ይቀበላሉ?"

"እሳት ልጫር ብሎ የመጣን ሰው ከደጅ ይመልሱታል?"

"እሳት ቢጭሩት አይጎድልም፤ ባትሪ ግን ይጎድላል። አሥራ ሦስት ደቂቃዎን ወስደዋል።"

ትንሽ አሰቡና "ለስምንት ሰው አሥራ ሦስት ደቂቃ? ምን አላት!" አሉኝ።

ቀሪውን ሰባት ደቂቃ የበላው የደባርቅ ብርድ ነበር። ባትሪ ሲበርደው አቅሙ ያንሳል፤ ለተማሪ የማስተምረውን ለራሴ ረስቼዋለሁ። ለብርዱ ባትሪዎቹን ከሲሚንቶው አንስቼ ጣውላ ላይ አስቀመጥኩ። ለጎረቤት ደግሞ በሩ ላይ "ስልክ መሰካት ፈጽሞ ክልክል ነው" ብዬ በጥቁር ሰሌዳ ፊደሌ ጻፍኩ። አባቴ አስነበቡኝና "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ተረት በዋት አይለካም ብዬ አለፍኩት። ደግሜ ስሞክር ሃምሳ ስምንት ደቂቃ ቆየ፤ የነበረችኝ ትንሽ ሃፍረትም ለቀቀችኝ።

ከሁሉ የተቀየመኝ ጎረቤታችን ስካውቱ ነው። የፓርክ ጠባቂ ስለሆነ ጨነቅ ወደሚባለው የፓርኩ ካምፕ ከወጣ ስንት ቀን ስልክ የሚሰካበት አያገኝም፤ ከመውጣቱ በፊት የሚሞላው አባቴ ዘንድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰላምታውን አሳጠረብኝ።

በሌላ ሳምንት ለስብሰባ ዳባት ሄድኩ። ይህንንም አስልቼዋለሁ፦ መብራት ከሄደ ሲሊንደር ለሚያመላልስልኝ ባጃጅ ነጂ እደውላለሁ፣ ሲሊንደሩን ያደርሳል። ስልክ እንቢ ቢል እንኳ ዳባትና ደባርቅ አርባ አምስት ደቂቃ ነው።

ስብሰባው መሃል የአዳራሹ መብራት ድርግም አለ። መስመሩ አንድ ስለሆነ ደባርቅም ሄዷል ማለት ነው። ደወልኩ፤ ኔትወርኩ መብራቱን ተከትሎ ሄዷል። ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። የሚኒባሱ ረዳት "ደባርቅ! አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!" ይላል። አንዱ ሰው እኔ መስሎኝ ገባሁ። ከእኔም በኋላ አንድ ሰው ቀረው፤ ከዚያም በኋላ አንድ ሰው ቀረው። አባቴ ሊታፈኑብኝ ነው ብዬ ጮህኩ። "አይዞሽ እህቴ፣ አንድ ሰው ብቻ!" አለኝ። የጎደለውን ወንበር ሁሉ ልክፈል ስል ነው የተነሳው። በሒሳቤ ውስጥ ረዳት አልነበረም።

ቤት ስደርስ መብራት ከሄደ አንድ ሰዓት ከሃያ ሆኖታል። በሩ ክፍት ነው። ማሽኑ ዝም ብሏል። አልጋው ባዶ ነው። ወደ ሆስፒታል ሮጥኩ፤ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም።

አባቴ ጭምብል አጥልቀው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ተኝተዋል። ቆሜ አለቀስኩ። ስካውቱ ጠመንጃውን ጉልበቱ መሃል አቁሞ አጠገባቸው ተቀምጧል። ዩፒኤሱ ጮሆ ዝም ሲል ደርሶ፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ አግኝቷቸው፣ ጠመንጃውን አንግቶ እሳቸውን አዝሎ እስከ አስፋልቱ ወጥቶ በባጃጅ አድርሷቸዋል።

"እግዜር ይስጥህ! በምን አወቅህ?" አልኩት።

"ምኑን አውቄ። እውነቱን ልንገርሽ እታለም፣ ዳባት ሄዳለች ሲሉኝ ስልኬን ተደብቄ ልሰካ ነው የመጣሁ።"

አባቴ ከጭምብሉ ሥር ሳቁ። ውጭ የሆስፒታሉ ጄኔሬተር ይንጎራጎራል። ግድግዳው ላይ፣ ለአባቴ አየር የሚሰጠው የሆስፒታሉ ማሽን ከተሰካበት ጎን፣ የስካውቱ ስልክ ተሰክቷል። ማየቴን አየና ደንግጦ ሊነቅለው ተነሳ።

"ተወው" አልኩት። "ይሙላ።"